ፈጣኑ ኮምፓይለር በጋራ ክላስተር ላይ
የጮቄን ተራራ ዝናብ በስሌት ሊተነብይ የሚነሣ የደብረ ማርቆስ ሊቅ፣ ብዙ ኮምፒውተሮች እንደ አንድ ማኅበር ተጋጥመው በሚሠሩበት፣ ተመራማሪዎችም ተራ ጠብቀው በሚገለገሉበት ክላስተር ላይ ሥራውን ሲጀምር፣ አስቀድሞ ሊመረምረው የሚገባ ነገር የጻፈውን ኮድ የሚተረጕምለት ኮምፓይለር ነው። በ1949 ዓ.ም. በጆን ባከስ መሪነት ከአይ ቢ ኤም ኩባንያ የወጣው የፎርትራን ቋንቋ ኮምፓይለር ኮዱን እያፈጠነ ወደ ኮምፒውተሩ ትእዛዝ ይመልስ ነበር፤ የዛሬውም «ኦ3» የሚባለው የማፍጠኛ አማራጭ ሲሰጠው ብዙ ቍጥሮች ባንድ ጊዜ እንዲሰሉ አድርጎ ያሰናዳል።

ነገር ግን ተጠቃሚው ወደ ክላስተሩ በሚገባበት ኮምፒውተር ላይ፣ ለዚያው ፕሮሰሰር እንዲስማማ በሚያደርገው «ማርች ኔቲቭ» በተባለ አማራጭ የተዘጋጀ ፕሮግራም፣ የሚሠራበት ኮምፒውተር ፕሮሰሰሩ ያረጀ እንደ ሆነ፣ የማያውቀው ትእዛዝ ሲደርሰው ይቋረጣል። ይህ ስሕተትስ ይታያል፤ እጅግ የሚያስፈራው «ፋስት ማዝ» የተባለው የማፍጠኛ አማራጭ ነው፣ የድምሩን ቅደም ተከተል ለውጦ፣ ምንም ሳይናገር፣ የተለየ ውጤት ሊሰጥ ይችላልና። ስለዚህ ሊቁ አስቀድሞ ከ«ኦ3» ዝቅ ባለው በ«ኦ2» አሠርቶ ያገኘውን ውጤት ይያዝ፤ ፈጣኑንም፣ የጋራውን ሰዓት ለብዙ ቀን ሳይወስድ፣ በትንሽ ናሙና ከእርሱ ጋር ያስተያይ።