ጉሮሮ ከማስፋት መንገድ ማቅናት



በወላይታ ዝንጅብል፣ ጎደሬና በቆሎ ጭኖ ከቦምቤ ወደ ሶዶ ገበያ የሚወጣ ባለተሽከርካሪ ከሞተሩ የሚጠብቀው አንድ ነገር ነው፤ ዳገቱን ሳይደክም እንዲወጣለት። ሞተሩ በዳገት ላይ ጉልበት ሲያጣ ገበያው ያልፋል፣ ነዳጁ ይባክናል፣ የዕለቱም ገቢ ይጎድላል። ስለዚህ መኪናው ጋራዥ በገባ ቁጥር አንድ ሐሳብ መነሣቱ አይቀርም። ይኸውም የሲሊንደሩን ክዳን፣ በጋራዥ ቋንቋ ቴስታታውን፣ ፈትቶ የአየር መግቢያውን በእጅ መሞረድና ማስፋት ነው። ሐሳቡ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ሥራው የት ላይ እንደሚጠቅምና የት ላይ እንደሚያጠፋ ያልለየ መካኒክ የሰው እንጀራ ያበላሻል።

በመጀመሪያ በሽታውን ከመድኃኒቱ መለየት ያስፈልጋል። ሶዶ የምትገኘው ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ነው። በ2,000 ሜትር ከፍታ የአየር እፍጋት በባሕር ወለል ላይ ካለው 82 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱም በዚያው መጠን ገደማ ይቀንሳል። ይህን ጉድለት ሞረድ አይሞላውም፤ ቀዳዳው ቢሰፋም የሚገባው ያው የሳሳ አየር ነውና። ከዚህም ሌላ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር ወደ ደጋ ሲወጣ አየሩ እያነሰ ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ማርሚታውም ጥቁር ጭስ ያወጣል። የአየር ማጣሪያው በአቧራ የታፈነ፣ የቫልቩ ክፍተት የተዛባ ወይም ቫልቩ በመቀመጫው ላይ በደንብ የማይገጥም ሞተርም እንዲሁ ይደክማል። እነዚህ ሁሉ ሳይመረመሩ ቴስታታ መሞረድ ራሱን ላመመው ሰው እግሩን እንደ ማሸት ይቆጠራል።

እነዚህ ሁሉ ተስተካክለው ሳለ የአየሩን መንገድ ማሻሻል ቢፈለግ፣ አየር በቴስታታ ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ ማወቅ ግድ ነው። የአጆራን ፏፏቴ ያየ የወላይታ ሰው የሚወርድ ውሃ የድንጋዩን ጠርዝ ተከትሎ እንደማይታጠፍ ያውቃል፤ ጠርዙን ለቆ ወደ ፊት ይወረወራል። አየርም በፍጥነት ሲሄድ ጠባዩ ይኸው ነው። መግቢያው ወደ ቫልቩ በሚታጠፍበት ቦታ፣ በውስጠኛው አጭር መታጠፊያ ላይ፣ ጠርዙ ስለታም ከሆነ አየሩ ከግድግዳው ይላቀቃል፤ ከኋላውም ሽክርክሪት ይፈጠራል። ቀዳዳው ሰፊ ቢሆንም እንኳ የሚሠራው ክፍል ጠባብ ይሆናል። ስለዚህ ከሁሉ የሚጠቅመው ሥራ ከቫልቩ መቀመጫ በታች ባሉት ጥቂት ሚሊሜትሮች ውስጥ ነው። በፋብሪካ የቀረውን የማሽን ጠርዝ ማለስለስ፣ አጭሩን መታጠፊያ ማለዘብ፣ መቀመጫውንም በ30፣ በ45 እና በ60 ዲግሪ ደረጃ በደረጃ መቁረጥ ይገባል። የመጨረሻው ሥራ ግን ለእጅ ሞረድ አይሰጥም፤ የመቀመጫ መቁረጫ መሣሪያ ያለው ባለሙያ ሊሠራው ይገባል።

ማስፋቱ ለምን ወሰን እንዳለው በቁጥር ማየት ይቻላል። የራሱ ስፋት 32 ሚሊሜትር የሆነ ቫልቭ 8 ሚሊሜትር፣ ማለትም የስፋቱን ሩብ፣ ሲከፈት በዙሪያው የሚፈጠረው ክፍተት ከራሱ ክብ ስፋት ጋር እኩል ይሆናል። ከዚያ በታች ሲከፈት አየሩን የሚያጠብበው የቫልቩ ክፍተት እንጂ መግቢያው አይደለም። በሌላ በኩል 28 ሚሊሜትር የነበረ መግቢያ ወደ 32 ሚሊሜትር ቢሰፋ ስፋቱ በ31 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ያው መጠን አየር ሲያልፍበት ግን ፍጥነቱ በሩብ ገደማ ይወርዳል። የአየሩ ፍጥነት ሲወርድ ቤንዚኑ በደንብ አይቀላቀልም፤ በዝቅተኛ ዙርም ሲሊንደሩ በሚገባ አይሞላም። ለእሽቅድምድም መኪና ይህ ጉዳት ቀላል ነው፤ ሞተሩ ሁልጊዜ በከፍተኛ ዙር ይሠራልና። ጭነት ይዞ በዝቅተኛ ዙር ዳገት ለሚወጣው የቦምቤ ተሽከርካሪ ግን ሊጠቀምበት ያሰበውን ጉልበት የሚያጠፋው ይኸው ነው።

ይህን ነገር በመለካት እንጂ በግምት ሳይሆን ካሳወቁት መካከል እንግሊዛዊው ሃሪ ዌስሌክ ዋናው ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ዓ.ም. ለሕዝብ የታየው የጃጓር ኤክስ ኬ ሞተር ቴስታታ በእርሱ ሥራ የተሻሻለ ነበር። የዌስሌክ ትምህርት አጭር ነው፤ አየር በዓይን አይታይም፤ ስለዚህ ይለካ።

ለመለካት የግድ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የአቧራ መምጠጫ ማሽን፣ የሲሊንደሩን ስፋት ያህል ቀዳዳ ያለው ጥብቅ ሳጥን፣ መካከሉ የተበሳ ብረት ሰሌዳና ውሃ ያለባቸው ሁለት የታጠፉ ግልጽ ቱቦዎች ይበቃሉ። አየሩ በመግቢያው ገብቶ ወደ ሳጥኑ፣ ከዚያም በሰሌዳው ቀዳዳ በኩል ወደ ማሽኑ ይሳባል። አንደኛው ቱቦ በሳጥኑ ያለውን ግፊት፣ ሁለተኛው በሰሌዳው ግራና ቀኝ ያለውን ልዩነት ያሳያል። የመጀመሪያው ሁልጊዜ በአንድ ልክ ከተያዘ፣ የሁለተኛው መጨመር አየሩ መጨመሩን ይመሰክራል። ሆኖም ልዩነቱ አራት እጥፍ ሲሆን አየሩ የሚጨምረው ሁለት እጥፍ ብቻ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። መለኪያው ቫልቩ በየ2 ሚሊሜትሩ እየተከፈተ፣ ከመሞረድ በፊትና በኋላ ይመዘገባል።

በሥራውም ላይ ጥንቃቄ ያሻል። የቫልቩን መቀመጫ ሞረድ እንዳይነካው አሮጌ ቫልቭ በቦታው ይቀመጥ። ግድግዳው ቀጭን ከሆነበት ጀርባ ውሃ የሚያልፍበት ክፍል አለ፤ እዚያ የተበሳ ቴስታታ ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ እንጂ ለሞተር አይሆንም። የአየር መግቢያው በብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ እንጂ እንደ መስተዋት እንዲያበራ መድከም ትርፍ የለውም። የሲሊንደሮቹ መግቢያዎች እኩል ይሁኑ፤ አንዱ ሰፍቶ ሌላው ጠብቦ የቀረ ሞተር ይንቀጠቀጣል። ፍቅፋቂው ተጠርጎና ታጥቦ ካልወጣ ከሞተሩ ዘይት ጋር ገብቶ ኩሽኔቱን ይበላል። ቴስታታው በአዲስ ጓርኒሲዮን ከታሰረ በኋላም የካርቡራተሩ ልክ እንደገና ይታይ።

ባልደረቦች፤ የወረዳ ከተማ መካኒክ ብዙ ጊዜ መጽሐፍም መለኪያም ሳይኖረው በእጁና በጆሮው ይሠራል፤ ጥበቡም የሚናቅ አይደለም። የመሐንዲሱ ድርሻ መካኒኩን «አትንካ» ማለት ሳይሆን፣ ከመሞረዱ በፊት ምን እንደሚመረምር፣ የት እንደሚነካና በምን እንደሚለካ ማሳየት ነው። የተሞረደ ብረት እንደ ፈሰሰ ውሃ ነው፤ ተመልሶ አይታፈስም። የአንድ ቴስታታ ጥፋትም የሚያርፈው በጋራዡ ላይ ብቻ ሳይሆን በዚያ ተሽከርካሪ በሚተዳደረው ቤተሰብ ላይ ነው። ጉሮሮ ከማስፋት መንገድ ማቅናት ይቀድማል መባሉም ስለዚህ ነው።