የፍቅር ታሪክ ርምጃ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ ቆመን ስለ ፍቅር ለመናገር ስንነሣ ጥቂት እንዳፈርን አንደብቅም። ወላጆች በተቀመጡበት ጉባኤ ልጆች ስለ ፍቅር ማውራታቸው በአገራችን ደንብ እምብዛም የተለመደ አይደለም። ነገር ግን የምንናገረው ስለ ራሳችን ሳይሆን ስለ አንድ መጽሐፍ ስለ ሆነ እንደምትታገሡን ተስፋ አለን። መጽሐፉም ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ደርሰው በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው።

በክፍላችን የነበረው መጽሐፍ አንድ ብቻ ስለ ሆነ ተራ ገብተን አነበብነው። ለእያንዳንዱ ሰው የተፈቀደው አምስት ቀን ነበር። ያን የሚያህል ወፍራም መጽሐፍ፣ የሒሳቡም የቤት ሥራ እያለ፣ በአምስት ቀን መጨረስ ቀላል አይደለም። ስለዚህ አብዛኞቻችን አንድ ዘዴ ፈጠርን፤ ይኸውም የመጀመሪያውን ክፍል ዘለን ሰብለ ወንጌል ከምትገኝበት መጀመር ነው። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ እንዴት እንደ ተጋቡ፣ ማንኩሳ ላይ እንዴት እንደ ኖሩ ማወቁ ምን ይጠቅመናል አልን። የፍቅር ታሪክ ነው ተብሎ ተሰጥቶን ስለ ሁለት ጎልማሶች ጎጆ ማንበብ ጊዜ ማጥፋት መሰለን።

ከዚያም በውይይት ክፍለ ጊዜ በዛብህን ከሰስነው። በፊታውራሪ መሸሻ ቤት በአስተማሪነት ገብቶ፣ ልጅቱን ከወደዳት በኋላ፣ እንዲያ የሚያመነታው ለምንድር ነው? ፈሪ ነው አልን። አንዳንዶቻችንም ጥፋቱ የደራሲው ነው፤ ታሪኩን ያለ ምክንያት አንዛዝተውታል እስከ ማለት ደረስን። በዚህ ጊዜ ታሞ ሦስት ሳምንት ቤቱ ተኝቶ የከረመ ጓደኛችን እጁን አወጣ። በሕመሙ ምክንያት መጽሐፉ ከእሱ ዘንድ ቆይቶ ስለ ነበር ከመጀመሪያው ገጽ አንሥቶ አንድም ሳይዘል አንብቦታል። «ስለቱንስ የት ጣላችሁት?» አለን። ሁላችንም ዝም አልን።

በዛብህ ገና ሕፃን ሳለ ወላጆቹ ልጃቸው በሕይወት እንዲያድግላቸው ለእግዚአብሔር አገልጋይ ሊያደርጉት ተስለዋል። ይህ የሚነገረው እኛ በዘለልናቸው ገጾች ውስጥ ነው። እዚያ ዘንድ ደራሲው አይቸኩሉም፤ የአባትና የእናቱን ድካም፣ ልጁን በማጣት ፍርሃት የኖሩትን ኑሮ ቀስ ብለው ያሳዩናል። ስለዚህ ብዙ ዘመን ቆይቶ በዛብህ ሰብለን ሲያይና ልቡ ሲከፈል፣ ሙሉውን ያነበበ ሰው የነዚያን የሁለት ደጋግ ሰዎች ፊት ያያል። እኛ ግን የተሸከመውን ሳናይ «ለምን አይሮጥም» ብለን ፈረድንበት።

ወደ ኋላ ተመልሰን ካነበብን በኋላ ሌላም ነገር አስተዋልን። ደራሲ ጊዜን እንደ ጨርቅ ይዘረጋል፤ ያጥፋልም። ሐዲስ ዓለማየሁ ብዙ ዓመት በጥቂት መስመር የሚያሳልፉበት ቦታ አለ፤ ሁለቱ ወጣቶች በትምህርት ምክንያት በየቀኑ የሚገናኙበትን ጊዜ ግን ያስረዝሙታል። ተዋደዱ ብሎ በአንድ ገጽ መጨረስ ይቻል ነበር። እንዲህ ቢሆን ኖሮ ግን በዛብህ ወደ አዲስ አበባ ሲሸሽ አንድ መንገደኛ ሄደ ከማለት በቀር ምን ይሰማን ነበር? የፊታውራሪውም ኩራት፣ «ለልጄ የሚመጥን የለም» እያሉ ዕድሜዋን ማሳለፋቸው፣ በዝግታ ስለ ተነገረ የሰብለን ቀናት እኛም አብረን ቈጠርን።

ሁሉንም ግን አናሞግስም። የጉዱ ካሣ ንግግር አንዳንድ ጊዜ ከልክ በላይ እንደሚረዝም በአክብሮት እንናገራለን። (በዚህ ጉዳይ ክፍላችን ለሁለት ተከፍሏል፤ ግማሹ ያለ ጉዱ ካሣ መጽሐፉ አልጫ ነው ይላል።)

ትምህርት ቤታችንን ያቋቋሙት ሚሲዮናውያን ከተዉልን መጻሕፍት መካከል የጣልያናዊው የአሌሳንድሮ ማንዞኒ «እጮኛሞቹ» የእንግሊዝኛው ትርጉም ይገኛል። በመጀመሪያ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1827 ሲሆን ታሪኩ የሚጀምረው በ1628 በሎምባርዲያ አገር ነው። ሬንዞና ሉቺያ ሊጋቡ ሲሉ ይከለከላሉ፤ ከተለያዩም በኋላ ደራሲው ስለ ሚላኖ የዳቦ ረብሻ፣ ስለ ረኃቡ፣ በ1630 ስለ ደረሰውም ወረርሽኝ እየተረከ አንባቢውን ያስጠብቃል። የሚገርመው እዚያም ስለት መኖሩ ነው። ሉቺያ ታግታ ባደረችበት ሌሊት በድንግልና ለመኖር ትሳላለች። ነገር ግን ይህ በታሪኩ አጋማሽ ላይ፣ በራስዋ አፍ የተደረገ ነውና በመጨረሻ አንድ መነኩሴ ይፈታላታል፤ ይጋባሉም። የበዛብህ ስለት ግን ከፍቅሩ በፊት፣ አፉን ሳይፈታ፣ በሌሎች አፍ የተነገረ ነው። አንዱ ደራሲ ስለቱን ዘግየት ብሎ፣ ሌላው አስቀድሞ በማምጣቱ ሁለቱ ፍቅሮች እጅግ የተለያየ ክብደት አላቸው።

የመጽሐፋችን ፍጻሜ ደግሞ ይፈጥናል። ሰብለ የመነኩሴ ልብስ ለብሳ ከአባትዋ ቤት ትወጣለች፤ በዛብህም በመንገድ በወንበዴዎች ይቈስላል። ያን ያህል ገጽ የጠበቅነው መገናኘት በሞቱ አልጋ አጠገብ ሆኖ ቶሎ ያልቃል። ከመካከላችን ሁለት ሰዎች እዚያ ላይ ሲደርሱ ተራቸውን የሚጠብቀውን ሰው ረስተው ወደ ኋላ እየገለጡ እንደ ገና ማንበብ ጀምረዋል።

ወላጆቻችን ከእኛ የተሻለ ዕድል ነበራችሁ። ብዙዎቻችሁ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርኩት ሰምታችኋል። ሬዲዮ አይዘለልም፤ ጊዜው ሲያልቅ የሚቀጥለውን ዕለት መጠበቅ ግድ ነው። ከእኛ የአንዳችን እናት መጽሐፉን በእጅዋ ይዛ ባታውቅም ስለቱን ሳንጠይቃት ነገረችን።

አሁን መጽሐፉ ተራው የ11ኛ ክፍል ሆኖ በእነርሱ እጅ ይገኛል። ጀርባው ተላቅቆ ስለ ነበር እኛ ሰፍተን ነው የሰጠናቸው። አምስቱ ቀን ዐሥራ አምስት እንዲሆንላቸው የቤተ መጻሕፍቱን ኃላፊ ለምነናል፤ እሳቸውም ዐሥር ፈቅደዋል።