ቤታችንን ልጆቻችንን እያሳደግን እንዴት እንዳደስን
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጽሕፈት ቤቱ በኩል የተደረገ ንግግር፤ በስብሰባው ላይ ላልተገኙ አባላት በሰሌዳው ላይ የወጣ)



ባለፈው ስብሰባ ላይ ሁለት ጉዳዮች ተነሥተው ሳይወሰኑ ማደራቸው ይታወሳል። አንደኛው፣ ቤቱን ለማደስ የሚፈልግ አባል የማኅበሩን ዕቃ፣ በተለይም ድንኳኑን፣ መዋስ ይችላል ወይ የሚል ነበር። ሁለተኛው ደግሞ ከእናንተው የመጣ ነው፤ «እናንተ ቤታችሁን በገዛ እጃችሁ አድሳችኋል፤ እስቲ እንዴት እንዳደረጋችሁት ንገሩን» አላችሁን። ሁለቱ ጉዳዮች በእኛ ቤት ተገናኝተዋልና አንድ ላይ አድርገን እንናገራለን። እኛ ስንል ባልና ሚስት፣ አራት ልጆችና አንዲት አያት ነን። ሥራውን በኅዳር 2008 ዓ.ም. ስንጀምር የመጨረሻዋ ልጃችን አሥራ አንድ ወሯ ነበር። ለፋሲካ እንጨርሳለን ብለን ነበር የተነሣነው። የመጨረሻውን ኖራ ስንቀባ ልጅቷ አራት ዓመት አልፏት ብሩሽ ይዛ ታግዘን ነበር።

ቤቱ እንደ ብዙዎቻችሁ ቤት የጭቃ ቤት ነው። ቋሚውም ማገሩም ባሕር ዛፍ፣ ጣራው ቆርቆሮ። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አገራችን ከገባ ወዲህ አዲስ አበባ የቆመችው በእሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አያታችን ያሠሩት ከ1967 ዓ.ም. በፊት ነው። በዚያ ዓመት በሐምሌ ወር የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ አንድ የመኖሪያ ቤት ለባለቤቱ ይፈቅድ ስለነበር በእጃችን ቀረ። ኪራያቸው በወር እስከ 100 ብር የነበሩት ትርፍ ቤቶች ወደ ቀበሌ መዞራቸውን ትልልቆቹ ታስታውሳላችሁ። እንግዲህ ዛሬም በቀበሌ ቤት የምትኖሩ ሁሉ አንድ ምስማር ከመምታታችሁ በፊት ወረዳውን ጠይቁ፤ የግል ቤት ያላችሁም ብትሆኑ ለእድሳት ፈቃድ ያስፈልጋልና መጀመሪያ ወረቀቱን ያዙ። በዚህ ላይ ሌላ አንጨምርም።

ለሥራው ያስነሣን የልጆቹ ሳል ነው። በየክረምቱ ከሐኪም ቤት አንወጣም ነበር። አንድ ቀን አንዲት ነርስ «አልጋቸው ከየትኛው ግድግዳ አጠገብ ነው?» ብላ ጠየቀችን። ገብተን አልጋውን ብናነሣው ግድግዳው እስከ ጉልበት ድረስ ረጥቦ፣ ሻጋታው ጠቁሮ አገኘነው። ያው እኛ መድኃኒት ስንገዛ ኖረናል።

መጀመሪያ የሠራነው ስሕተት ሲሚንቶ ነው። ከዚያ ቀደም ባለው ዓመት የግድግዳውን እግር ከውጭ በሲሚንቶ አስለስነነው ነበር፤ ሲሚንቶ ጠንካራ ነው፣ ዝናብ ይከለክላል ብለን። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፤ ጭቃ እርጥበት ይስባል፣ ፀሐይ ሲወጣ ደግሞ መልሶ ይተነፍሳል። ሲሚንቶ ትንፋሹን ይዘጋዋል። ከመሬት የተሳበው ውሃ መውጫ ያጣና ውስጥ ካለው እንጨት ጋር ይቀመጣል። ሲሚንቶው ሁለት ክረምት ሳይሞላው እንደ ዳቦ ቅርፊት ተላጦ ወረደ፤ ከሥሩ የነበሩት ቋሚዎች በጣት ሲነኩ ዱቄት ነበሩ። ምስጥ ከላይ ቅርፊቱን ትቶ ውስጡን ጨርሶታል። ገንዘብ አውጥተን ቤታችንን አስበላን ማለት ነው።

ስለዚህ ለጭቃ ቤት ከሲሚንቶ በፊት አካፋ ነው የሚያስፈልገው። የጣራው ውሃ የሚወርድበትን ተመልክታችሁ ከግድግዳው የሚያርቅ ቦይ ቆፍሩ፤ ከቻላችሁ አሸንዳ ስቀሉ። እኛ ቦዩን ከቆፈርን በኋላ አንድ ክረምት ሳናልፍ እርጥበቱ ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት ወረደ። ያ ሁሉ የአካፋ ሥራ ነው፤ ሳንቲም አልወጣበትም።

ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ ጣራ፣ ከዚያ ቦይ፣ ከዚያ ቋሚ፣ ከዚያ ምርጊት፣ ወለል መጨረሻ ነው። ከመካከላችን አንዳችን ማድቤቱ ይቅደም ብለን፣ ሌላችን የለም ጣራው ብለን ሁለት ሳምንት ተኳርፈናል። ጣራው አሸነፈ። ቆርቆሮውን የመቱት ሰዎች ምስማሩን በሸለቆው ላይ መትተውት ስለነበር ውሃው የሚያልፈው በእያንዳንዱ ምስማር ቀዳዳ ነበር። የቆርቆሮ ምስማር በጉብታው ላይ ነው የሚመታው። ይህን የነገረን አንድ የሰፈራችን አናጢ ነው፤ ስንመታም መሰላል ይዞልን ቆሟል።

አሁን ወደ ጭቃው እንምጣ። ጭቃ ሁሉ ጭቃ አይደለም። ጥቁር አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ቀዩ አፈር ይሻላል። አፈሩ ተነፍቶ ጉድጓድ ውስጥ ከጤፍ ጭድና ከውሃ ጋር ይደባለቃል። ከዚያ እንደ ሊጥ ይቦካል። በየሁለት ሦስት ቀኑ ውሃ እየተጨመረ ይረገጣል፤ እኛ ሦስት ሳምንት አቆየነው። ጭዱ እየላላ ሲሄድ ጭቃው እንደ ሙጫ ይይዛል። ሽታው ግን እኮ አይጣል ነው! በአጥር የምንዋሰናችሁ ጎረቤቶች በዚያን ጊዜ መስኮት ዘግታችሁ ስትበሉ ሰምተናል፤ ዛሬ በጉባኤው ፊት ይቅርታ እንጠይቃለን።

መርገጡን ልጆቹ እንደ ጨዋታ ያዙት። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቀሚስና ሱሪያቸውን ሰብስበው ይገባሉ፤ የማባዣ ሠንጠረዡን እየዘመሩ ይረግጣሉ። ትልቁ ልጃችን የሰባትን ብዜት የያዘው ጭቃ ውስጥ ነው። ነገር ግን አፈሩን ሳንነፋ ባቦካነው ጊዜ የጠርሙስ ስባሪ ሁለተኛውን ልጃችንን እግሩን ቆረጠውና የመንጋጋ ቆልፍ መርፌ እስኪወጋ ድረስ እንቅልፍ አልነበረንም። ልጅ የሚገባበት ጭቃ ሁለት ጊዜ በወንፊት ይነፋ። ኖራ የሚፈላበት በርሜል አጠገብማ ልጅ ጭራሽ አይድረስ፤ ኖራ ዓይን ያጠፋል። የድሮ የዘይት ቀለም ስትፍቁም ደረቁን አትፋቁ፤ በአንዳንዱ ውስጥ እርሳስ የሚባለው ማዕድን አለበት፣ አቧራው የልጅን አእምሮ ይጎዳል። በውሃ እያራሳችሁ ፋቁት፣ ልጆቹንም ያን ቀን ወደ ዘመድ ላኩ። የመብራት መስመሩን ደግሞ እኛ አልነካንም። ባለሙያ ከፍለን አሠራን፤ በዚህ መቆጠብ የለም።

ምርጊቱ በሦስት ዙር ነው። የመጀመሪያው ወፍራም ሆኖ በማገሩ መካከል በእጅ እየተወረወረ ይጠቀጠቃል። ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ አትደንግጡ፣ ስንጥቁ ሁለተኛውን ዙር አጥብቆ ይይዝለታል። ሁለተኛው ቀጠን ያለ ነው። ሦስተኛው በደቃቁ የተነፋ አፈር ከእበት ጋር ሆኖ በእጅ መዳፍ ይለሰናል። አንዱ ሳይደርቅ ሌላው ከተደረበ ሁለቱም ተያይዘው ይወርዳሉ። ስለዚህ የጭቃ ሥራ ወራቱ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ነው። በሰኔ የሚጀምር ሰው ግድግዳ ሳይሆን ሐሜት ነው የሚሠራው።

የድሮውን ልስን ስናነሣ ከሥሩ ጋዜጣ በጋዜጣ ላይ ተለጥፎ አገኘን። አያታችን በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ይለጥፉ ነበር። ልጆቹ እያነበቡ፣ እኛም እያነበብን አንድ ሙሉ ቅዳሜ ሥራ ሳይሠራ አለፈ። አልቆጨንም።

መስኮትና በር የገዛነው ከምናለሽ ተራ ነው። ዋጋው ይረዳል፤ ነገር ግን በገመድ ለክተን ሄደን ገመዱ ተሳቦብን አሥር ሳንቲ ሜትር የሚበልጥ መስኮት ይዘን መጣን። ግድግዳውን ለመስኮቱ ስንል ቀደድነው። ገንዘቡን ደግሞ በየወሩ አንድ ሁለት ቆርቆሮ፣ አንድ ሁለት ኪሎ ምስማር እያልን ነው የገዛነው። በመስከረም ግን ምንም አንገዛም ነበር፤ መስከረም የደብተርና የጫማ ነው።

አሁን ለመናገር የሚከብደንን እንናገር። ቋሚ የሚቀየረው አንድ በአንድ ነው። ጣራውን በድጋፍ እንጨት ይዘህ አንዱን አውጥተህ፣ አዲሱን በድንጋይ ላይ አስቀምጠህ፣ ከዚያ ወደ ሚቀጥለው ትሄዳለህ። ይህን እናውቅ ነበር። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ግን ክረምቱ ሊደርስብን ነው ብለን በልጆቹ ክፍል ሦስት ተከታታይ ቋሚዎችን ባንድ ቀን እግራቸውን ቆረጥን። አዲሱን እንጨት ለመግዛት ገንዘብ አነሰን፤ በሚቀጥለው ወር እያልን ጣራውንም ግድግዳውንም በድጋፍ ላይ ተውነው። ከድጋፎቹ እግር ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ እንኳ አላደረግንም፤ ባዶ መሬት ላይ ነበር የቆሙት። ሐምሌ በሙሉ ዘነበ። መሬቱ ለሰለሰ፣ ድጋፎቹም ቀስ እያሉ ሰመጡ። በነሐሴ ወር ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ግድግዳው ወደ ውስጥ ወደቀ።

የሁለት ዓመት ተኩል ልጃችን አልጋ ከዚያ ግድግዳ ሥር ነበር። የዚያን ዕለት ማታ ጣራው አንድ ቦታ ስላንጠባጠበ አልጋውን ወደ በሩ ስበነው ነበር። ጥበባችን አልነበረም። ያ የሚያፈስ ቆርቆሮ ነው ያተረፋት። ባትሪ አብርተን ስናይ አልጋው የነበረበት ቦታ ላይ ጭቃው እስከ ወገብ ደርሶ ነበር። ሁለታችንም እስከ ንጋት አንድ ቃል አልተነጋገርንም።

ከዚያ በኋላ ያለውን እናንተው ታውቁታላችሁ። በዚያ ዝናብ ፎጣ ለብሳችሁ መጣችሁ። ጣራው እንዳይወርድ እስከ ንጋት ደግፋችሁ አቆማችሁልን፤ ጠዋት ላይም የማኅበሩን ድንኳን ግቢያችን ውስጥ ተከላችሁ። አንድ አባት «ልጆቼ፣ ድንኳኑ የለቅሶ ነው፤ ሰው ሳይሞት መተከሉ ደግ አይደለም» ብለው ነበር። የእኛም አያት «በቁሜ ለቅሶ ቤት አላድርም» ብለው ጎረቤት ሄደው አደሩ። እኛና ልጆቹ ግን ገባንበት። በዘጠነኛው ቀን ሰፈራችን ውስጥ ሰው ሞተ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ድንኳኑን ራሳችን ነቅለን ተሸክመን ወሰድን፤ ጉርዱ ላይ የልጆቹ የጭቃ እግር አለበት። በዚያ ሳምንት አራቱ ልጆች በአራት ቤት አደሩ።

ስለሆነም ሐሳባችን ይህ ነው። ድንገተኛ አደጋ ለደረሰበት ቤተሰብ ድንኳኑ ሳይጠየቅ ይሰጥ። አስቦና አቅዶ ቤቱን ለሚያድስ አባል ግን ድንኳኑ አይሰጥ። ተጠቅመንበት እኛው መቃወማችን ሊያስቃችሁ ይችላል። ነገር ግን ለቅሶ የደረሰበት ሰው ድንኳን የማን ግቢ ነው እያለ ሲፈልግ መዋል የለበትም፤ ያን ጠዋት የሟች ልጅ በራችን ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ያፈርነውን እፍረት ሌላ አባል እንዲያፍር አንፈልግም። ለእድሳት የሚሆን አንድ ትልቅ ሸራ ማኅበሩ ለብቻው ይግዛ። አካፋ፣ ዶማ፣ ዲጂኖ፣ ቱንቢና ስምንት ደህና ድጋፍ እንጨት ቢጨመር ደግሞ አንድ ክፍል ማደስ ለሚፈልግ ቤተሰብ ይበቃል። ድጋፍ እንጨቱን የሚዋስ ሰው ከሥሩ የሚያደርገውን ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀድሞ ያሳይ፤ ድንጋዩን ላላሳየ ጽሕፈት ቤቱ እንጨቱን አይሰጥም።

ሌላም አለ። ቢያንስ አንድ ደረቅ ክፍል ለልጆች ሳይነካ ይቆይ። እኛ ከዚያ ሌሊት በኋላ አንዱ ክፍል ሙሉ በሙሉ ሳያልቅ ሌላውን አልነካንም፤ ሦስት ዓመት የፈጀብንም ለዚህ ነው። በ2017 ዓ.ም. በታኅሣሥና በጥር ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል መሬት ሲንቀጠቀጥ ቤታችን እንደ ጀልባ ተወዛወዘና ቆመ። የተሰነጠቀው ማድቤቱን በብሎኬት ሠርተን ከጭቃው ግድግዳ ጋር ያገናኘንበት መጋጠሚያ ብቻ ነው። እሱንም በመጪው ጥቅምት እንከፍተዋለን፤ ማየት የሚፈልግ ይምጣ።

በሸራው ግዥ ላይ የሚሰጠው ድምፅ በሚቀጥለው ወር የመጀመሪያ እሑድ ነው። የማኅበሩ መሰላል እስከዚያው እኛ ቤት ነው፤ ከታች ሁለተኛው መወጣጫ ላልቷል፣ የምትወስዱት ሰዎች እሱን ዝለሉት።