ሀሁ በጨዋታ፤ የንባብ መሠረት በቤት ውስጥ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




ስለ ድልድይና ስለ ግድብ መነጋገር በለመደ ጉባኤ ፊት ስለ ሕፃናትና ስለ ፊደል መናገር ከመንገድ የወጣ ይመስል ይሆናል። ዳሩ ግን መሠረቱ ያልጸና ሕንፃ ጣሪያው ምንም ቢያምር እንደማይዘልቅ ከዚህ ጉባኤ የበለጠ የሚያውቅ የለም። የትምህርት ሁሉ መሠረት ደግሞ ንባብ ነው። በ2002 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በስድስት ቋንቋዎች በተካሄደው የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ለማንበብ አልቻሉም ነበር። እነዚህ ልጆች ከትምህርት ቤት ደጅ የቀሩ አልነበሩም፤ ክፍል ገብተው፣ ደብተር ይዘው የተቀመጡ ነበሩ እንጂ። እንግዲህ የጎደለው ምን እንደ ሆነ መመርመር የመምህራን ተግባር ብቻ ሳይሆን የወላጅም ግዴታ ነው።

ፊደልን መውረድና ማንበብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ማንኛውም ወላጅ በቤቱ ሊያረጋግጥ ይችላል። ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ሳያደናቅፈው የሚወርድ ልጅ፣ ከገበታው መካከል «ዴ» ብቻዋን ብትጠቆምለት፣ ወደ «ደ» ተመልሶ «ደ፣ ዱ፣ ዲ፣ ዳ» ካላለ የማይደርስባት ጊዜ ብዙ ነው። ይህ ልጅ ያወቀው ዜማውን እንጂ ፊደሉን አይደለም።

ይህን ችግር የጥንት የኔታዎች አሳምረው ያውቁት ነበር። ተማሪው ሀሁን ከጨረሰ በኋላ ወደ አቡጊዳ የሚሻገረውም በዚሁ ምክንያት ነው። «አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ» ሲባል በእያንዳንዱ እርምጃ ፊደሉም ድምፁም በአንድነት ይለወጣል፤ አንዱ ግዕዝ ሲሆን ተከታዩ ካዕብ፣ ሦስተኛው ሣልስ እያለ እስከ ሳብዕ ይዘልቃል። በዜማ ብቻ የተጓዘ ልጅ እዚህ ላይ ይቆማል፤ ፊደሉን በመልኩ የለየው ግን ያልፋል። አቡጊዳ ማለት እንግዲህ ድርድሩን አፍርሶ እውቀትን የሚፈትን ጥበብ ነው። ዛሬ በቤት ውስጥ የሚደረግ የፊደል ጨዋታም ዓላማው ይኸው መሆን ይገባዋል።

ጨዋታውን ለማዘጋጀት በቅድሚያ የፊደሉን አሠራር መገንዘብ ያሻል። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ሕፃን 231 ሥዕል አንድ በአንድ ያጥና ቢባል ሸክሙ ከባድ ነው። ነገር ግን ገበታው ሥርዓት አለው። ካዕብ በአብዛኛው በቀኝ ጎኑ መካከል ጭረት ያወጣል፤ ሣልስ ጭረቱን ወደ እግሩ ያወርዳል፤ ኃምስ በእግሩ ቀለበት ያስራል። «ለ» እና «በ» ራብዕ ሲሆኑ የግራ እግራቸው ያጥራል። «ሰ» በራሱ ላይ ጭረት ሲደረግበት «ሸ»፣ «ነ» «ኘ»፣ «ዘ» ደግሞ «ዠ» ይሆናል። ከሥርዓቱ የሚያፈነግጡት፣ ይልቁንም ሳድስና ሳብዕ፣ ዘወትር መታየት ይፈልጋሉ። ሥርዓቱን በእጁ ዳስሶ ያገኘ ልጅ ሸክሙ ይቀልለታል።

ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ ከማናቸውም ቤት አይጠፋም። እናት ወይም አባት ዳቦ ሲጋግሩ ከሊጡ ቆንጥሮ ለልጁ መስጠት ይበቃል፤ ልጁ «በ»ን ሠርቶ ቀለበት ሲጨምርበት «ቤ» እንደሚሆን በጣቱ ይማረዋል። ቆርኪ ተሰብስቦ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ፊደል ቢጻፍ፣ «ቤ» እና «ት» ተጠጋግተው «ቤት» ይሆናሉ። ቀጥሎ የመጀመሪያው ቆርኪ ብቻ ሲለወጥ «ሴት»፣ እንደገና ሲለወጥ «ሌት» ይወጣል። በሙከራ ጊዜ አንዱን ነገር ብቻ እየለወጡ ሌላውን እንዳለ መተው መሐንዲስ ሁሉ የሚያውቀው ደንብ ነው፤ ልጁም በዚሁ ደንብ ድምፅና ምልክት እንዴት እንደሚጋጠሙ ይደርስበታል።

ልጆች በየደጁ የሚዘሉት ሰኞ ማክሰኞም ለዚህ የተመቸ ነው። በሰባት ሳጥኖች ውስጥ የአንድን ፊደል ሰባት ድምፆች አዘበራርቆ መጻፍ፣ ጠጠሩ ያረፈበትንም ፊደል ጠርቶ መዝለል ነው። ልጁ እንደ ለመደው ከግዕዙ ጀምሮ እንዳይወርድ የሚያግደው መዘበራረቁ ነው።

ያለ ጽሑፍ የሚደረገውም ጨዋታ ሊናቅ አይገባም። ቡና ሲፈላ «በቡ የሚጀምር ምን አለ?» ተብሎ «ቡና፣ ቡሄ፣ ቡችላ» እየተባለ ቢመለስ፣ የልጁ ጆሮ ቃልን ከፋፍሎ መስማት ይለምዳል። ልጆች በየቃሉ መካከል ሌላ ድምፅ እየሰኩ የሚነጋገሩበት የወፍ ቋንቋም አዋቂን ለማደናገር የተፈጠረ ቢመስልም፣ ቃልን በድምፅ መበተንና መልሶ መግጠም ስለሆነ ታላቅ ልምምድ ነው።

ከዚህም ሌላ፣ የአማርኛ ጽሕፈት ጥብቀትንና ላልቶ መነበብን በምልክት አይለይም። «ገና» የሚለው ቃል ላልቶ ሲነበብ «እስካሁን» ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ ነው። «አለ» የሚለውም ላልቶ «ተናገረ»፣ ጠብቆ «ይገኛል» ይሆናል። ትክክለኛውን ለመምረጥ አንባቢው ቃሉንና ዐረፍተ ነገሩን አስቀድሞ በጆሮው የሚያውቅ መሆን አለበት። ስለዚህ ማታ ማታ ተረት የተነገረለት፣ እንቆቅልሽ የተጫወተ፣ ለጥያቄው መልስ ያገኘ ልጅ ወደ ንባብ ሲገባ ስንቅ ይዞ ይገባል። ወሬ የተነፈገው ልጅ ግን ፊደሉን ቢለይ እንኳ ትርጉሙ ያመልጠዋል።

በዚህ ረገድ የመሐንዲስ ቤት የራሱ ችግር አለው። አባት ወይም እናት በመንገድና በግድብ ሥራ ምክንያት ለወራት ከቤት ይርቃሉ። በከተማም ያሉት ሲመሽ ደክመው ይገባሉ፤ ልጁንም ስልክ አስይዘው ያሳርፉታል፣ ወይም ዋጋው ውድ የሆነ የላቲን ፊደል መጫወቻ ገዝተው ግዴታቸውን የተወጡ ይመስላቸዋል። ሩቅ ያለ ወላጅ ግን በስልክ «በቡ የሚጀምር» ሊጫወት፣ ሁለት ቃል የጻፈባት ወረቀት ሊልክ ይችላል። የሚጠየቀው ገንዘብ አይደለም፤ በየዕለቱ የሩብ ሰዓት ያህል ያልተከፋፈለ ሐሳብ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ መጨመር ይገባል። ጨዋታ ጨዋታነቱን ካጣ ጥቅሙ ይቀራል። ልጁ ሲሳሳት የሚቆጣ፣ ከጎረቤት ልጅ ጋር የሚያወዳድር፣ ሲደክመው የማይተው ወላጅ፣ ልጁ ፊደልን ከቁጣ ጋር አያይዞ እንዲፈራ ያደርገዋል። ልጁ «ይበቃኛል» ከማለቱ በፊት ማቆም ብልህነት ነው፤ ነገ ራሱ ቆርኪውን ይዞ ይመጣልና።

በማጠቃለያው፣ ትምህርት ቤት ሕንፃውን ያቆማል፤ አፈሩን የሚደለድለው ግን ቤት ነው። የኔታዎች በአቡጊዳ የጀመሩትን ጥበብ በሊጥ፣ በቆርኪና በወግ መቀጠል ከማንም አቅም በላይ አይደለም። ከዚህ ጉባኤ ወደ ቤቱ የሚመለስ ወላጅ ሁሉ ዛሬ ማታ ልጁን በአንዲት ፊደል፣ ከድርድሯ ነጥሎ፣ ቢያጫውት የዚህ ንግግር ዓላማ ይፈጸማል።