ስደተኛው መሐንዲስ፣ የአየር ኃይል ጄኔራል

(የንግግሩ ቃል። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ነው።)

አይሮፕላን በሰማይ ሲያልፍ ያየ ሰው ሁሉ የሚያመሰግነው አብራሪውን ነው። ሞተሩን ፈትቶ የመረመረውን፣ ብሎኑን አንድ በአንድ ያጠበቀውን፣ «ይህ አይሮፕላን ለመብረር ብቁ ነው» ብሎ በፊርማው ያረጋገጠውን ሰው ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። ዛሬ ታሪካቸው የሚነገርላቸው ሰው የዚህ የተሰወረ ሥራ ባለሙያ ነበሩ። አገራቸውን በጦርነት ምክንያት አጥተው በሰው አገር በእንግድነት ቢገቡም፣ በዚያው አገር የአየር ኃይል እስከ ጄኔራልነት ማዕረግ ደርሰዋል። እኒህ ሰው ፖላንዳዊው ቭዋዲስዋቭ ቱሮቪች ናቸው።

ቱሮቪች በኤፕሪል 23 ቀን 1908 ዓ.ም. ከፖላንዳውያን ቤተሰብ በሳይቤሪያ ተወለዱ። በዚያን ዘመን ፖላንድ በሩሲያ፣ በጀርመንና በኦስትሪያ ተከፋፍላ የምትገዛ፣ በካርታ ላይ ስሟ የማይገኝ አገር ነበረች። ነፃነቷን መልሳ ያገኘችው በ1918 ዓ.ም. ነው። ቱሮቪች በ1930 ዓ.ም. በዋርሶ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ገብተው የአይሮፕላን ምሕንድስና ተማሩ። ኋላ ባለቤታቸው የሆኑትን ወይዘሮ ዞፊያን ያገኙትም በዚያው በትምህርት ዘመናቸው ነው። እርሳቸውም እንደ ባለቤታቸው በረራን የሚወዱ ሴት ነበሩ።

ይህ ሰላም ብዙ አልቆየም። በሴፕቴምበር 1 ቀን 1939 ዓ.ም. ጀርመን ከምዕራብ፣ በሴፕቴምበር 17 ቀን ደግሞ ሶቪየት ኅብረት ከምሥራቅ በፖላንድ ላይ ዘመቱባት። በሺሕ የሚቈጠሩ የፖላንድ አየር ኃይል ሰዎች አገራቸው ስትያዝ እጃቸውን አልሰጡም። በሩማንያና በሀንጋሪ በኩል አልፈው ወደ ፈረንሳይ፣ ፈረንሳይም በወደቀች ጊዜ ወደ እንግሊዝ ተሻገሩ። በ1940 ዓ.ም. በእንግሊዝ ሰማይ ላይ በተደረገው ውጊያም ስማቸው ተጠራ። ቱሮቪችም በጦርነቱ ዘመን ከእንግሊዝ አየር ኃይል ጋር ተሰልፈው አገለገሉ።

በ1945 ዓ.ም. ጦርነቱ በድል ሲፈጸም ግን ለእነዚህ ሰዎች የመጣው ደስታ ሳይሆን ሐዘን ነው። አገራቸው በሶቪየት ኅብረት ሥር በሚመራ መንግሥት እጅ ገባች፤ በዚያው ዓመት በጁላይ ወር እንግሊዝ ራሷ ለዚያ መንግሥት ዕውቅና ሰጠች። ከድል አድራጊዎች ጋር የተዋጉ ሰዎች በድሉ ማግሥት አገር አልባ ሆኑ። ወደ ትውልድ አገር መመለስ እስራትን ሊያስከትል ይችል ነበር፤ በእንግሊዝ አገር መቅረት ደግሞ ለብዙዎቹ ሙያቸውን ጥሎ ያገኙትን ሥራ መሥራት ማለት ነበር።

በዚሁ ጊዜ በእስያ አዲስ መንግሥት ተወልዶ ነበር። ፓኪስታን ከህንድ ተለይታ በኦገስት 14 ቀን 1947 ዓ.ም. ስትቋቋም፣ ከቀድሞው የአየር ኃይል የደረሳት ድርሻ አነስተኛ ነበር። ከአይሮፕላን ይልቅ የቸገራት ደግሞ ሰው ነው። አይሮፕላን በገንዘብ ይገዛል፤ ሞተር የሚያድስ፣ የመለዋወጫ ዕቃ የሚቈጣጠር፣ ወጣቱን የሚያስተምር ባለሙያ ግን በአንድ ቀን አይገኝም። ስለዚህ ፓኪስታን በእንግሊዝ አገር ወደሚገኙት ፖላንዳውያን ፊቷን መለሰች። በ1948 ዓ.ም. ቱሮቪችና ሠላሳ ያህል የፖላንድ መኰንኖችና ቴክኒሻኖች የሦስት ዓመት ውል ፈርመው ወደ ካራቺ ሄዱ።

የተሰጣቸው ሥራ የቴክኒክ ትምህርትን ማቋቋም ነበር። አይሮፕላን በዓመቱ ብቻ ሳይሆን በበረረበት ሰዓትም ይመረመራል። የተወሰነው ሰዓት ሲሞላ ሞተሩ ይፈታል፤ ያረጀው ክፍል ይለወጣል፤ የተሠራው ሁሉ በመዝገብ ይጻፋል፤ ሥራውን የሠራውና የተቈጣጠረውም ይፈርማሉ። ከዚህ ሥርዓት አንዲቱ ብትዘለል ዋጋው የሰው ሕይወት ነው። ቱሮቪች ለወጣቶቹ ያስተማሩት ሙያ ይህን ሥርዓት የሚሻ ነበር። ወይዘሮ ዞፊያም ያለ ሞተር የሚንሳፈፍ አይሮፕላን መብረርን ለአየር ካዴቶች አስተማሩ፤ ኋላም በካራቺ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ መምህር ሆኑ።

ሦስቱ ዓመት ሲፈጸም ቱሮቪች አልሄዱም። የፓኪስታንን ዜግነት ተቀብለው ቤታቸውን በካራቺ አደረጉ። የዚህን ውሳኔ ክብደት ለማወቅ በዙሪያቸው የነበረውን ሁኔታ ማሰብ ያስፈልጋል። የአየር ኃይሉ የበላይ አዛዦች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከእንግሊዝ በውሰት የመጡ መኰንኖች ነበሩ። እነርሱ ጊዜያቸው ሲደርስ ይመለሱ ነበር፤ የሚመለሱበትም አገር ነበራቸው። በ1957 ዓ.ም. አዛዥነቱ ለፓኪስታናዊው ለአስጋር ካን ተላለፈ። አገሬው የራሱን ኃይል በራሱ ልጆች እጅ ባስገባበት በዚያ ዘመን፣ በውጭ አገር የተወለደ ሰው ቦታው አይጸናም ተብሎ ቢገመት የሚያስደንቅ አልነበረም። የቱሮቪች ማዕረግ ግን ከዚያ በኋላ ከፍ አለ። በ1952 ዓ.ም. ዊንግ ኮማንደር የነበሩት ሰው በ1959 ዓ.ም. ግሩፕ ካፕቴን፣ በ1960 ዓ.ም. ደግሞ ኤር ኮሞዶር ሆኑ። ይህም በምድር ጦር የብርጋዴር ጄኔራልነት ማዕረግ ነው። ኃላፊነታቸውም የአየር ኃይሉ የጥገና ክፍል ነበር።

የዚህ ክፍል ፈተና የመጣው በ1965 ዓ.ም. ፓኪስታንና ህንድ በተዋጉ ጊዜ ነው። የፓኪስታን ተዋጊ አይሮፕላኖች አብዛኞቹ ከአሜሪካ የመጡ ነበሩ፤ አሜሪካ ደግሞ ጦርነቱ እንደ ተጀመረ ለሁለቱም ወገኖች የጦር መሣሪያ መስጠትን አቆመች። እንግዲህ በየማለዳው ስንት አይሮፕላን ይነሣል የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው በአብራሪው ጀግንነት ብቻ ሳይሆን በጥገና ቤቱ ውስጥ ነበር። ፓኪስታን የቱሮቪችን አገልግሎት በከፍተኛ ኒሻኖቿ አከበረች።

በ1966 ዓ.ም. ወደ አገሪቱ የሕዋ ምርምር ኮሚሽን ተዛወሩ። ኮሚሽኑ በ1961 ዓ.ም. በሊቁ በአብዱስ ሰላም መሪነት የተቋቋመ ሲሆን፣ በጁን 7 ቀን 1962 ዓ.ም. በአሜሪካኖች እርዳታ የመጀመሪያውን የምርምር ሮኬት ከሶንሚያኒ የባሕር ዳርቻ አስወንጭፎ ነበር። ቱሮቪች ከ1967 እስከ 1970 ዓ.ም. የኮሚሽኑ የበላይ ኃላፊ ሆኑ። ጄኔራሉ በጃንዋሪ 8 ቀን 1980 ዓ.ም. በመኪና አደጋ አረፉ፤ በካራቺም በክርስቲያኖች መካነ መቃብር በወታደራዊ ክብር ተቀበሩ። ወይዘሮ ዞፊያም ወደ ፖላንድ ተመልሰው አልኖሩም፤ ከባላቸው በኋላ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖረው በ2012 ዓ.ም. በካራቺ ዐረፉ።

ክቡራንና ክቡራት፤ ከዚህ ታሪክ ሁለት ቁም ነገሮች ይገኛሉ። የመጀመሪያው ለአስተናጋጅ አገር ነው። ፓኪስታን በተቸገረች ጊዜ ስደተኛውን የጠየቀችው «ከየት መጣህ?» ብላ ብቻ አይደለም፤ «ምን ታውቃለህ?» ብላም ነው፤ መልሱን ካየች በኋላም አምና ኃላፊነት ሰጠችው። ሁለተኛው ለባለሙያ ነው። ቱሮቪች ካገራቸው ሲወጡ ርስትም ሥልጣንም ይዘው አልወጡም፤ ጠላት ሊወርሰው ያልቻለው ዕውቀታቸው ብቻ ቀረላቸው። ያንንም ለራሳቸው ብቻ ሳይይዙ ለሌሎች አስተማሩ። ዕውቀቱን የደበቀ ባለሙያ ሲሄድ ሥራው አብሮት ይሄዳል፤ ያስተማረ ግን ቢሞትም ሥራው በተማሪዎቹ እጅ ይቀጥላል።