ብቻዋን የምትበር ልጅ

አቅራቢው፦ ቦሌ ተርሚናል 2 አንዲት ሕፃን አየሁ። አንገቷ ላይ የሰነድ ቦርሳ አንጠልጥላ፣ ያለ ወላጅ ወደ ዋሽንግተን!

አቅራቢዋ፦ ብቻዋን እኮ አይደለችም። ብዙ አየር መንገዶች ከ5 እስከ 11 ዓመት ላሉ ልጆች ሠራተኛ ይመድባሉ።

አቅራቢው፦ ልክ ነሽ። ግን ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ሁሉ ሻንጣ... ልጅ አይደነግጥም?

አቅራቢዋ፦ ይደነግጣል እንጂ! ቤት እያለ እናለማምደው፦ «መንገድ ከጠፋብህ አትሩጥ፤ ባለህበት ቆመህ የደንብ ልብስ የለበሰ ሠራተኛ ጥራ።»

አቅራቢው፦ የእናቱን ስልክስ?

አቅራቢዋ፦ በቃሉ ይያዝ! ወረቀት ላይም ጽፈን ኪሱ እንክተትለት።

አቅራቢው፦ እዚያ የሚቀበለውስ?

አቅራቢዋ፦ ስሙ ቀድሞ ይመዘገባል። መታወቂያ አሳይቶ፣ ፈርሞ ይረከባል። አክስቱም ብትሆን ስሟ ከሌለ አይሰጧትም።

አቅራቢው፦ ይኼስ ደስ ይላል። ልጅ ትልቅ አደራ ነው።