ፊቱን ሳይሆን መብራቱን እናንቀሳቅስ
(በማኅበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የሂሳብ ክፍል ተነሥቶ ሲናገር የቁጠባና የብድር ሪፖርት እንደምትጠብቁ እናውቃለን። እሱ በጊዜው ይቀርባል። ዛሬ የምንናገረው ስለ ሌላ ነገር ነው፤ ሴት ልጆቻችን በታብሌት በሚሠሩት ቅርጻ ቅርጽ ላይ መብራት እንዴት እንደሚቀመጥ። «ሂሳብ ሠራተኛን ከቅርጻ ቅርጽ ምን አገናኛት?» የምትል ካለች መልሳችን አጭር ነው። ታብሌቱ በማኅበሩ የንብረት መዝገብ ላይ ሰፍሯል። በቁጠባችን የተገዛ ዕቃ ምን እየሠራ እንደሆነ ማወቅ የሁላችንም ድርሻ ነው። ቀረብ ብለን ስናየው ግን ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ ሆኖ አላገኘነውም። የልጆቻችንና የእናቶቻቸው ፊት ለሰው እንዴት ይታያል የሚል ጥያቄ አለበት።

መጀመሪያ ሥራውን ላላያችሁት እንንገራችሁ። እዚህ ኢታንግ የኑዌር ልጆች ከጭቃ በሬ ሲሠሩ፣ ቀንዱን ሲያጎብጡ፣ ሻኛውን ሲያወጡ አይታችኋል። የአኙዋ እናቶች ሸክላ ሲያበጁም አይታችኋል። በታብሌት የሚሠራው ዲጂታል ቅርጻ ቅርጽ ከዚህ የራቀ አይደለም። ኖማድ ስከልፕት የሚባለውን የመሰለ መተግበሪያ ሲከፈት በመስታወቱ ላይ የጭቃ ድቡልቡል የመሰለ ነገር ይታያል። ልጅቷ በጣቷ ወይም በታብሌቱ እስክሪብቶ ትስበዋለች፣ ትጫነዋለች፣ ታለሰልሰዋለች፤ አዙራ ከኋላም ታየዋለች። መተግበሪያው አንዴ ከተጫነ ለመሥራት ኢንተርኔት አይፈልግም። ኔትወርክ መጣ ሄደ ለሚልበት ቦታ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ልዩነት ግን አለ። በጭቃ ስንሠራ እጃችን ይነግረናል። ጎድጓዳውን አውራ ጣት ያውቀዋል፤ ጨለማ ውስጥ እንኳ የማሰሮ ከንፈር ወፍራም ይሁን ስስ በዳሰሳ ይለያል። የታብሌት መስታወት ግን ጠፍጣፋ ነው። የአፍንጫ ጉብታም ሆነ የዓይን ጉድጓድ በእጅ አይገኝም። እዚያ ላይ ያለው ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው። ዓይናችን ጉብታውን የሚያውቀው በአንድ ወገኑ ብርሃን፣ በሌላው ወገኑ ጥላ ስላለ ነው። ስለዚህ በዚህ ሥራ መብራት ሥራው ካለቀ በኋላ የሚጨመር ጌጥ አይደለም። መብራቱ ከተበላሸ በደንብ የተሠራ ፊትም እንደ ቂጣ ጠፍጣፋ ሆኖ ይታያል።

ለዚህ በፎቶግራፍና በሲኒማ ሰዎች ዘንድ ለብዙ ዘመን የቆየ ዘዴ አለ፤ የሦስት መብራት አቀማመጥ ይባላል። ሦስቱንም እንደ ሥራቸው እንጥራቸው።

አንደኛው ዋናው መብራት ነው። ከሦስቱ ብርቱው እሱ ነው። ከፊት ለፊት አይቀመጥም፤ ወደ አንድ ጎን ወደ 45 ዲግሪ ገደማ ይዞራል፣ ከራስም ከፍ ይላል። ረፋድ ላይ ፀሐይ ፊታችንን የምትመታበትን አቅጣጫ አስቡት። የአፍንጫው ጥላ ወደ ጉንጭ ሲወርድ ቅርጹ ብቅ ይላል።

ሁለተኛው ደጋፊው መብራት ነው። ከዋናው በተቃራኒ ጎን ይቀመጣል። ኃይሉ የዋናው ግማሽ ወይም ሩብ ያህል ይበቃል። ሥራው ጥላው ውስጥ ያለው ጉንጭና ዓይን ጭራሽ እንዳይጠፋ ማድረግ ነው እንጂ ጥላውን ማጥፋት አይደለም። ከዋናው እኩል ከሆነ ሁለቱ ተሻምተው ፊቱ እንደገና ጠፍጣፋ ይሆናል። ይህ መብራት የራሱን ጥላ እንዳይጥል በመተግበሪያው ውስጥ ጥላውን ማጥፋት ጥሩ ነው። ሰው ከአንዲት ፀሐይ በታች ስለኖረ ሁለት ጥላ ያለው አፍንጫ ሲያይ ይደናገራል።

ሦስተኛው የጀርባ መብራት ነው። ከኋላ ከፍ ብሎ ይቀመጥና የፀጉሩን፣ የጆሮውንና የትከሻውን ጠርዝ በቀጭን ብርሃን ያሰምራል። ያ መስመር ከሌለ ራስ ቅሉ ከኋላው ካለው ቀለም ጋር ተዋህዶ ይቀራል።

ለሠልጣኞቻችን የምንመክረው ሦስቱን በአንድ ጊዜ እንዳያበሩ ነው። ሁሉንም አጥፍቶ መጀመር፣ ዋናውን ብቻ አብርቶ ቅርጹ ገና በአንድ መብራት ይነበብ እንደሆነ ማየት፣ ከዚያ ደጋፊውን ከዜሮ ጀምሮ ቀስ እያሉ መጨመር፣ በመጨረሻ የጀርባውን ማብራት። ሂሳብም እንዲሁ ነው፤ ሁሉም ወጪ በአንድ መስመር ከተጻፈ የትኛው ምን እንደሠራ አይታወቅም። ሌላም ነገር አለ። ብዙ መተግበሪያዎች ላይ ብርሃኑ ከጭቃው ቀለም ጋር አብሮ የተሣለበት፣ ማትካፕ የሚባል አሠራር አለ። ለመቅረጽ ይመቻል፤ ነገር ግን በእሱ ላይ እያሉ መብራት ቢያንቀሳቅሱ ምንም አይለወጥም። መጀመሪያ መብራትን ወደሚቀበለው አሠራር መለወጥ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ።

ልጆቻችን የሚቀርጹት የማንን ፊት ነው? የእናታቸውን፣ የአያታቸውን፣ የራሳቸውን። የጋምቤላ ሰው ፊት ጥቁር ነው፤ ውበቱም እዚያ ላይ ነው። ልጅቷ ግራጫውን ጭቃ ቀርጻ ስትጨርስ የእናቷን ቀለም ትቀባዋለች። ያን ጊዜ ሦስቱም መብራቶች በቦታቸው እያሉ ፊቱ ይጠፋባታል። ከዚያ ከሁለት አንዱን ታደርጋለች። ወይ ቀለሙን እያነጣች ትሄዳለች፤ ፊቱ ይታያል፣ ግን የእናቷ ፊት መሆኑ ይቀራል። ወይ ዋናውን መብራት እያበረታች ትሄዳለች፤ ግንባሩና የአፍንጫው ጫፍ ነጭ ሆኖ ይቃጠላል፣ ጉንጩ ግን እንደጨለመ ይቀራል።

ምክንያቱ የልጅቷ እጅ አይደለም። ፈዛዛ ቀለም ያለው ነገር የወደቀበትን ብርሃን አብዛኛውን ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይበትነዋል። ስለዚህ ቅርጹ ከብርሃን ወደ ጥላ በሚሄደው ቀስ ያለ ለውጥ ይነበባል። ጥቁር ነገር አብዛኛውን ብርሃን ይውጠዋል። ቅርጹ የሚነበበው ከላዩ ላይ በሚንጸባረቀው፣ እኛ ወዝ በምንለው ነገር ነው። ቅቤ የተቀባች ልጅ ጉንጯ እንዴት እንደሚያምር የምናውቅ ሰዎች ይህን ለማስተማር ሩቅ መሄድ የለብንም።

ስለዚህ መፍትሔው ቀለሙን ሳይነኩ አራት ነገር ማድረግ ነው። አንደኛ፣ ዋናውን መብራት ከማበርታት ይልቅ ወደ ጎን ማዞር። ሁለተኛ፣ በመተግበሪያው ውስጥ የቆዳውን ሸካራነት የሚወስነውን ቁጥር ጥቂት ዝቅ አድርጎ ወዝ እንዲያወጣ ማድረግ፤ ብዙ ከወረደ ግን ፊቱ ፕላስቲክ ይመስላል። ሦስተኛ፣ የጀርባውን መብራት ለነጭ ጭቃ ከሚሰጠው ይልቅ ብርቱ ማድረግ። አራተኛ፣ ከኋላ ያለውን ጥቁር መደብ ትቶ መካከለኛ ቀለም መምረጥ፤ የአፈር ቀለም ወይም የደመና ቀለም ይሆናል።

ይህ ችግር በታብሌት አልተጀመረም። በአሜሪካ የኮዳክ ኩባንያ ፊልም በሚታጠብባቸው ቤቶች ቀለም የሚስተካከለው ሸርሊ ካርድ በሚባል የአንዲት ነጭ ሴት ፎቶግራፍ ነበር። የእሷ ቆዳ ካማረ ቀለሙ ትክክል ነው ይባል ነበር። ጥቁር ሰው በዚያ ልክ ሲታተም ዓይኑና ጥርሱ ብቻ ይቀር ነበር። ኩባንያው ፊልሙ ጥቁሩንና ቡናማውን ቀለም በደንብ እንዲይዝ እንዲያሻሽል ከገፋፉት መካከል የቸኮላትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ይገኙበታል፤ የሸቀጣቸው ቡናማ ቀለም በማስታወቂያ ላይ አልለይ ስላላቸው ነበር። መሣሪያ ሁሉ በአንድ ሰው ልክ ተሰፍቶ እንደሚመጣ ልጆቻችን ይወቁ። ልኩ የማይስማማው ሰው ራሱን አይቀይርም፤ መሣሪያውን ያስተካክላል።

ከቤታችን ሌላ ምሳሌ እንጨምር። የኑዌር ወንዶች ግንባር ላይ «ጋር» የሚባሉ ስድስት መስመሮች አሉ። አንዲት ልጅ የአያቷን ፊት ስትቀርጽ እነዚህን መስመሮች በጥንቃቄ ብትስልም ከፊት በሚመጣ መብራት ጨርሶ ይጠፋሉ። መብራቱን ወደ ጎን ብታዞረውም እምብዛም አይወጡም፤ ምክንያቱም መስመሮቹ ራሳቸው በግንባሩ ላይ አግድም የሚሄዱ ስለሆኑ ብርሃኑ አብሯቸው ይፈስሳል። መብራቱን ከፍ ስታደርገው ግን እያንዳንዱ መስመር አንድ ጠርዙ ይበራል፣ አንድ ጠርዙ ይጠቁራል። ደንቡ ይህ ነው፦ አግድም ላለ መስመር መብራቱ ከላይ ይምጣ፣ ከላይ ወደ ታች ለሚወርድ መስመር ከጎን ይምጣ። ለሸክላ ዙሪያ ጌጥም፣ ለሰፌድ ስፌትም ይሠራል።

«ይህ ሁሉ ለልጆች ጨዋታ ነው?» ብላችሁ እንዳትሉ አንድ ነገር እናስታውሳችሁ። ድንቅነሽ ወይም ሉሲ የምንላት እ.ኤ.አ. በ1974 በአፋር ሐዳር የተገኘችው ቅሪተ አካል እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካ በነበረችበት ጊዜ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ለ10 ቀናት በሲቲ ስካን ተነሥታለች። ከ35,000 በላይ ምስሎች ወጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ተመራማሪዎቹ ስብራቶቿን አጥንተው ከዛፍ ወድቃ ሳትሞት አልቀረችም የሚል ጽሑፍ አወጡ፤ ሌሎች ሊቃውንት ተቃወሟቸው። በዚያው ጊዜ የትከሻዋና የጉልበቷ ዲጂታል ቅርጽ በኢትዮጵያ መንግሥት ፈቃድ ለሕዝብ ክፍት ሆነ። የአገራችን ልጅ አጥንቷን በስክሪን ላይ አዙራ፣ መብራቱን አንቀሳቅሳ፣ ስንጥቁ የቱ ጋ እንደሆነ ራሷ ማየት ትችላለች ማለት ነው። ቅርጽን በብርሃን ማንበብ ለሳይንስም ለሐኪም ቤትም የሚያስፈልግ ዕውቀት ነው።

ታብሌት ለማትነኩ እናቶችም ከዚህ ዘዴ ድርሻ አላችሁ። ሸክላችሁን፣ ዶቃችሁን፣ ሰፌዳችሁን በስልክ አንሥታችሁ ለገዢ ትልካላችሁ። እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ አታንሡት፤ ጥላው ሁሉ ከሥር ይገባና ዕቃው ፈዞ ይታያል። የስልኩንም ፍላሽ አታብሩ፤ ከፊት ስለሚመጣ ቅርጹን ያጠፋዋል። ማሰሮውን ከቤት ውስጥ በር አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው ቦታ በርጩማ ላይ አስቀምጡት። ከበሩ የሚገባው ብርሃን በጎኑ ይምታው፤ ያ ዋናው መብራት ነው። በሌላው ጎን ነጭ ነጠላ ወይም አንሶላ ዘርጉ፤ ብርሃኑን መልሶ ጥላውን ያለዝባል፤ ያ ደጋፊው ነው። ከማሰሮው ኋላ፣ በፎቶው ውስጥ እንዳይገባ አድርጋችሁ ትንሽ የፀሐይ ኃይል መብራት ወይም የሌላ ስልክ ባትሪ መብራት ከፍ አድርጉ፤ ያ የጀርባው ነው። ሦስቱም ቤታችሁ ውስጥ አሉ፤ የሚወጣ ብር የለም።

በዚህ መሠረት ለጉባኤው ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ በማኅበሩ ኤግዚቢሽንና በዚህ መጽሔት ላይ የሚወጣ የሰው ፊት፣ ቅርጻ ቅርጽም ይሁን ፎቶ፣ እንዲታይ ተብሎ ቀለሙ እንዳይነጣ። ካልታየ መብራቱ ይስተካከል፤ ጊዜ ቢወስድም ይጠበቅ። ልጅ የእናቷን ፊት አንጥታ ካልሆነ አያምርም ብላ ካደገች በኋላ የምናወጣው ገንዘብ ያን ሊመልስ አይችልም።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዷ ሠልጣኝ ለአንድ ሥራ ሦስት ምስል እንድታስቀምጥ፤ በዋናው መብራት ብቻ፣ ደጋፊው ሲጨመር፣ የጀርባው ሲጨመር። አዲስ የምትገባዋ ልጅ ከቀደመችው እንድትማር ይረዳል፤ ታብሌቱ አንድ ስለሆነ ተራ ለምትጠብቀውም ትምህርት ይሆናል።

ሦስተኛ፣ በቢሯችን በር አጠገብ አንድ በርጩማና አንድ ነጭ ጨርቅ ሁልጊዜ እንዲቀመጥ፣ ዕቃዋን ለሽያጭ ማንሣት የምትፈልግ አባል ሁሉ እንድትጠቀምበት። የዚህ ወጪ የጨርቁ ዋጋ ብቻ ነው፤ ከጽሕፈት መሣሪያ በጀት ላይ ሳንነካ ከመጠባበቂያው መሸፈን ይቻላል።

ሐሳቡን ተወያይታችሁ ድምፅ እንድትሰጡበት እንጠይቃለን። ታብሌቱ ዛሬ ባትሪው ሙሉ ነው። ከስብሰባው በኋላ የምትቆዩ እናቶች ከሠልጣኞቹ ጋር ሆናችሁ ሦስቱን መብራቶች አንድ በአንድ እያበራችሁ እዩ። ልጆቹ ስለ መተግበሪያው ያውቃሉ፤ ፊት ላይ ወዝ የት እንደሚያርፍ ግን እናንተ ትነግሯቸዋላችሁ።